የማታ ተማሪዎች ሽምግልና

ይድረስ ጅዳ ላለችው እህቴ፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ እናት ሆና ላሳደገችኝ ለእታለም ጀሊላ፤

አሰላሙ አለይኪ ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽልኝ? እንዴትስ ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ የሚወጋሽ ወገብሽስ? የቤቱ ሥራ ቀለል አለልሽ ወይስ ያቺ አሠሪሽ ዛሬም እንግዳ ስትጠራ ነው የምትውለው? እንቅልፍሽስ? በስልክ ስለ ጤናሽ በጠየቅሁሽ ቁጥር «አልሐምዱሊላህ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ አሁን አንድ በአንድ ጠይቄሻለሁ፣ አንድ በአንድ መልሺልኝ። እኛ አላህ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። ሐዋ ደህና ናት፣ ምላሷም ደህና ነው። ልጆቹም ደህና ናቸው። ደሴ ክረምቱ ገና ሳይገባ ብርዱ ቀድሞ ገብቷል፤ እኔም ይህን ስጽፍልሽ ሁለት ሹራብ ደርቤ ነው።

በኢሞ ፊት ለፊት እየተያየን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ይህን ታሪክ ደጋግሜ ጀምሬልሽ ነበር፤ ሁልጊዜ ግን ሽማግሌዎቹ ገና በር ላይ እንደቆሙ ኔትዎርኩ ይሄድብናል። ሰው ስንት ጊዜ በር ላይ ይቁም? ጎረቤታችን ሚስባህ ለኡምራ ስለሚመጣ እሱ ያድርስልኝ ብዬ ዛሬ ሱቄን በጊዜ ዘጋሁ። የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረሽ አትፍረጂብኝ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲለካ የኖረ እጅ ነው።

እንደነገርኩሽ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ማታ ገብቻለሁ። ለምን እንደገባሁ ግን አልነገርኩሽም። አምና ክረምት ዊዳድ ወደ ስምንተኛ ማለፏ ነውና የሂሳብ መጽሐፍ ይዛ ስትታገል አየሁና ላግዝሽ ብዬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ብዙ ቆየሁ፤ ቁጥሩን አየሁት፣ ቁጥሩም አየኝ። በመጨረሻ ልጅቷ እንዳላፍር ብላ በለሆሳስ «ተወው አባዬ፣ አንተ እኮ ስምንተኛን አቋርጠሃል» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ ቢሆንማ ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ። አየሽ እታለም፣ አንድ ጊዜ ያቋረጠ ሰው ጊዜው ነው ያስቋረጠው ይባላል። ሁለት ጊዜ ያቋረጠ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው። እኔ ልጄ ፊት ሁለት ጊዜ ያቋረጠ ሰው መሆን አልፈለግሁም፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

የማታ ትምህርት ማለት ቀን የደከመ ሰው ማታ ተሰብስቦ የሚያዛጋበት ነው። ወንበሩ ለልጅ የተሠራ ስለሆነ ጉልበታችን ከጠረጴዛው ጋር ሲጣላ ያመሻል። ልብስ ሰፊው ጋሽ ጀላልና ጥበቃው አግማስ ለሁለት አንድ መነጽር ነው ያላቸው፤ ጋሽ ጀላል ጽፎ እስኪጨርስ አግማስ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፣ ተራው ሲደርስ መብራት ይጠፋል። ቁርስ ቤት ያላት ስመኝ ጎህ ሳይቀድ ሊጥ ላይ ስለምትነሳ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል። ጥያቄ ሲጠየቅ ግን ነቅታ ትመልሳለች፣ መልሷም ብዙ ጊዜ ልክ ነው። እኛ ነቅተን የማንመልሰውን ሴትዮዋ ተኝታ ከየት እንደምታመጣው አላውቅም።

መምህርታችን ኢንሻራህ ትባላለች። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሠፈር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። በዕድሜዋ ለብዙዎቻችን ልጅ ትሆናለች፣ ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው። ስም ስትጠራ «አቤት» ብሎ ዝም የሚል የለም። አንዱ «አለሁ ልጄ፣ አላህ ያሳድግሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ይላል፤ ሌላው አሚን ይላል፤ ምርቃቱ ክፍሉን ዞሮ ሲያልቅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም አብሮ ያልቃል። ቆማ ስታስተምር ደከመሽ ቁጭ በይ እንላታለን። የቤት ሥራ ያልሠራ ሰው ሲገኝ እሷ ገና ሳትቆጣ ሌላው ተነስቶ ሊያስታርቃቸው ይገባል። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ጨርቅ በዚህን ያህል ገዝቶ በዚያን ያህል ቢሸጥ ትርፉ በመቶ ስንት ይሆናል ብላ እኔን ጠየቀችኝ። አግማስ ደግሞ የግብር ቢሮ ጥበቃ ነው፣ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው። «እንደ ገበያው ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

መቅረቱንማ አታንሺው። ሰኞ ገበያ ነው፤ የሰኞ ገበያ ነጋዴ ሰኞ ማታ ትምህርት ቤት ከተገኘ ታሟል ማለት ነው። ሐሙስ የአንዱ ቤት ዱአ ይኖራል። ደሴ ውስጥ ደግሞ የማይዛመድ ሰው ስለሌለ አንድ ሰው ሲሞት ክፍሉ በሙሉ ለቅሶ ላይ ነው፤ ሦስቱን ቀን ሁላችንም እዚያው ስለምንገናኝ ትምህርቱ የቀረ አይመስለንም ነበር።

ከኢድ በኋላ ታዲያ አንድ ማታ ኢንሻራህ ጠመኔዋን አስቀምጣ ወደ ኮምቦልቻ መዛወሯን ነገረችን። ርዕሰ መምህሩም መጥተው ሌላ አስተማሪ እንደሌለ፣ እሷ ከሄደች የማታው ስምንተኛ ታጥፎ በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ እንደምንመዘገብ ነገሩን። እኔ የሚቀጥለውን ዓመት አውቀዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ልጄ ዘጠነኛ ትሆናለች፣ እኔ ደግሞ ሱቄ ላይ እሆናለሁ። ጋሽ ጀላልም በኔ ዕድሜ የሚቀጥለው ዓመት የአላህ ነው አለ።

እሷ እንደወጣች ተሰብስበን መከርን። ስመኝ ልጅቷን ራሷን ለምን እንደምትሄድ እንጠይቃት አለች። ምነው ያኔ ሰምቻት በሆነ! እኔ ግን ተነስቼ ይህ በአፍ የሚጠየቅ ነገር እንዳልሆነ፣ አባት ያላት ልጅ በአባቷ በኩል እንደምትለመን፣ ወሎ ውስጥ በሽማግሌ ያልተፈታ ነገር እንደሌለ አስረዳሁ። ማስረዳቴ አማረና ራሴው ሽማግሌ ሆኜ ተመረጥኩ። ጋሽ ጀላልን ለዕድሜው፣ አግማስን ለቁመቱ አስከተልኩ።

እሁድ ጠዋት ራሴን ጠምጥሜ፣ ጋቢ ደርቤ ስወጣ ሐዋ ከኋላዬ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አለችኝ። የቅናት ነው ብዬ አለፍኳት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ያ የደሴ ጋቢ እሳት ሆነብን፤ አግማስ የጥበቃ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ስለነበር ላቡ ጫማው ውስጥ ገባ። ሽማግሌ ግን ጋቢውን አያወልቅም። የኢንሻራህን አባት፣ ጡረታ የወጡትን የከባድ መኪና ሹፌር ጋሽ ዐቂልን ጠይቀን ቤታቸውን አገኘንና በሩ ላይ ቆምን።

ወጉን ታውቂዋለሽ። ግቡ አሉን፣ ገባን። አፈር ስሆን ተቀመጡ አሉን፣ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም አልን። ይሰማል አሉ፣ ተቀመጥን። ከዚያ እኔ ጀመርኩ። በፊት ጊዜ ሽማግሌ እንዴት እንደሚናገር አይተሻል፣ ነገሩን በቀጥታ ከተናገረው ክብሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ቤቱን አመሰገንኩ፣ ጎረቤቱን አመሰገንኩ፣ ጥሩ ዛፍ ጥሩ ፍሬ እንደሚሰጥ ተናገርኩ፣ ልጃቸው በደሴ ምን ያህል እንደተወደደች፣ እኛም እሷን አጥተን ማደር እንደማንችል ገለጽኩ። ገና ወደ ዋናው ነገር ልገባ ስል ጋሽ ዐቂል እጃቸውን አነሱ። ገብቶኛል፣ አትድከሙ፣ ግን ቤተ ዘመድ ሳላማክር መልስ አልሰጥም፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ አሉን። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ለአንድ የመምህር ዝውውር ይህን ያህል የሚጨነቅ አባት አይቼ አላውቅም ብዬ እኔም ልቤ ተነካ።

ስንወጣ ትሕትና ይጨመር ብዬ እኛ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረን ሰዎች ነን፣ ጨዋነታችንን ግን አገር ያውቀዋል አልኳቸው። ፊታቸው ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። ከዚያ ተነፈሱና ትምህርት ይደረስበታል፣ ዋናው ጠባይ ነው አሉ። እኔም የተማረ አባት ብዬ አደነቅኳቸው። ደሴ ተመልሰን ለክፍሉ ነገሩ በግማሽ አልቋል ብለን ነገርን። ሁሉም ደስ ስላለው በዚያው ሳምንት ሰኞ አንድም ሰው አልመጣም።

በሁለተኛው እሁድ ስንደርስ ግቢው ተጠርጓል፣ በግ ታርዷል፣ አጎት ከባቲ፣ አክስት ከሐርቡ መጥተው ቤቱ ሞልቷል። ለአግማስ ክርስቲያን ነው ተብሎ ሽሮ ለብቻው ተሠርቷል። ኢንሻራህንም ምክንያቱን ሳይነግሯት እሁድን ቤት እንድትውል ጠርተዋታል፣ ጓዳ ውስጥ ናት። እኔ አሁንም አልገባኝም! ጋቢዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። ጋሽ ዐቂል ጉሮሯቸውን ጠርገው ቤተ ዘመዱ መክሮበታል፣ ተስማምቷል፣ አንድ ነገር ብቻ ቀረን፣ እስካሁን የልጁን ስም እንኳ አልነገራችሁንም፣ ማነው ልጁ አሉ።

እታለም፣ ያኔ ገባኝ። ወደ ጋሽ ጀላል ዞርኩ፣ እሱ ጣራውን ያያል። አግማስ ግን ጥበቃ ነውና ጥያቄ ሲጠየቅ መልስ መስጠት ለምዷል። ብድግ ብሎ «ሰላሳ ነን ጌታዬ» አለ።

እልል ልትል አፏን የከፈተችው አክስት እንደከፈተች ቀረች። የባቲው አጎት ከዘራውን በእጁ ፈለገ። እኔ እየተርበተበትኩ ስለ ማታ ትምህርቱ፣ ስለ ዝውውሩ፣ ስለ ፈተናው አስረዳሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጭር ንግግር ተናግሬ አላውቅም። ጋሽ ዐቂል አንገታቸውን ደፉ። ዘመድ ሰብስበው ማፈራቸው ነው፤ ልጃቸው ለወግ እስክትበቃ ሲጠብቁ የኖሩ አባት ናቸው። ወላሂ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ።

ይህን ጊዜ ኢንሻራህ የእጅ ውሃ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ሦስት ተማሪዎቿን ጋቢ ለብሰው አባቷ ሳሎን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች። ነገሩን ስትሰማ ግን ሳቋ ቆመ።

«ጋሽ ባሽር፣ ሰኞ ገበያ ነው ብላችሁ ቀራችሁ። ሐሙስ ዱአ ነው ብላችሁ ቀራችሁ። አባቴ ቤት ለመምጣት ግን ሐረጎን ሁለት ጊዜ ስትወርዱ ከሦስታችሁ አንድ ሰው አልቀረም። ዝውውሩን ማንም አላዘዘብኝም፣ ራሴ ነኝ የጠየቅሁት። ለባዶ ወንበር ማስተማር ሰለቸኝ» አለችን።

እውነት ነው። እኛ መረቅናት፣ አከበርናት፣ ዳቦ አመጣንላት፣ ተማሪ ግን አልሆንንላትም። እኔ ሁለት ጊዜ አቋርጣለሁ ብዬ ስፈራ ለካ እየቀረሁ እያቋረጥኩ ነበር፤ እሷ መሄዷን እስክትነግረን ግን ለእኔ አልታየኝም። አፌን ሞልቼ አጥፍተናል አልኩ። ቀስ ብዬ ደግሞ ሰነፍ ሆነን ሳይሆን ሰኞን ብንቀር እንጀራችን ስለሆነ ነው አልኳት። እሷም ይህን ለምን በመስከረም አልነገራችሁኝም አለች። መምህር በሰዓት አይከራከሩትም ብለን ነው እንጂ እኛማ የነገርናት ነገር ብዙ ነበር፤ ባል እንድታገባ ሳይቀር መክረናታል።

ጋሽ ዐቂል በመጨረሻ ቀና አሉ። ሽማግሌ ከቤቴ ባዶ እጁን ወጥቶ አያውቅም፣ በጉም ታርዷል አሉ። ከዚያ ልክ እንደ ኒካህ ውል ግዴታ ያስገቡን ጀመር፤ ኢንሻራህ ትናገራለች፣ አባቷ ያጸናሉ። የሰኞው ትምህርት እሁድ ጠዋት እንዲሆን ተስማማን። ምርቃት ከትምህርቱ በኋላ ብቻ። በመምህርና በተማሪ መካከል ማስታረቅ ክልክል። ለቅሶ የሚሄድ ሰው መጽሐፉን ይዞ ይሄዳል። አግማስ ዋስ ሆነ። ጋሽ ዐቂልም እስከ ፈተናው ድረስ ሰጥቻችኋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን መልሱልኝ፣ ለአንድ ሰው እፈልጋታለሁ አሉ። ኢንሻራህ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፋቲሃ ተቀርቶ ተበላ፣ የባቲው አጎትም ከዘራውን አስቀምጦ ለአግማስ ሽሮ ጨመረለት።

ኢንሻራህ ዝውውሩን ለመስከረም አስተላለፈችው፣ እኛም ወንበሩን ሞላነው። ቀላል ነበር አልልሽም። አንድ ሐሙስ ማታ ከሐይቅ የመጣ ደንበኛ ለልጁ ሠርግ ሙሉ ጣቃ እያማረጠ ሳለ የትምህርት ሰዓቴ ደረሰ። ሰውዬውን ለሐዋ ትቼ ስሄድ ልቤ ሱቁ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ስመለስ ለካ ጣቃውንም፣ ስድስት ወር ማንም ያላየውን ቢጫ ጨርቅም ሸጣለታለች። አሁን ትምህርት ቤት ቶሎ ሂድ እያለች የምታስወጣኝ እሷ ናት።

ፈተናው ባለፈው ሳምንት ተሰጠ፣ ውጤቱ ገና ነው። እንግሊዝኛው አስቸግሮኛል፣ ሂሳቡ ግን እጅ አልሰጠኝም አልልም፤ ስለ ትርፍ በመቶ ተጠይቄ በአቅራቢያው አግማስ ስላልነበረ በእውነት መለስኩ። ዱአ አድርጊልን፣ ከሁሉም በላይ ለጋሽ ጀላል።

የምነግርሽ ግን የፈተናውን ጠዋት ነው። ዊዳድም እዚያው ትምህርት ቤት ነበር የምትፈተነው። ከሠፈራችን ከሆጤ ስንወጣ ጓደኞቿ እንዳያዩን ብላ ከፊቴ ራቅ ብላ ነው የሄደችው፤ አልተቀየምኳትም፣ በዚያ ዕድሜ እኔም አደርገው ነበር። በሩ ላይ ልጆቹ ተሰልፈው ይገባሉ። እኔ ስደርስ ዘበኛው በእጁ አገደኝና ወላጅ ከዚህ አያልፍም፣ ውጭ ጠብቁ አለኝ። የመፈተኛ ካርዴን ልፈልግ ኪሴ ውስጥ ገባሁ፤ የጨርቅ ናሙና፣ መፋቂያ፣ የሱቅ ቁልፍ ወጣ፣ ካርዱ ግን የለም። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። ሰዓቱ ደግሞ እየሄደ ነው። ዊዳድ ገብታ ነበር፣ ከጓደኞቿ መካከል። አየችኝ። እንዳላየች ሆና ትሄዳለች ብዬ እኔው ቀድሜ ዓይኔን ከእሷ ላይ አነሳሁ። ልጅቷ ግን ሰልፉን ጥሳ ተመለሰች፣ የካፖርቴን የውስጥ ኪስ ከፍታ ካርዱን አወጣችና ትምህርት ቤቱ ሁሉ እየሰማ «አባቴ ነው። ወላጅ ሆኖ አይደለም የመጣው፣ ተፈታኝ ነው» አለችው።

ዘበኛው መንገድ ለቀቀልኝ። ገብቼ ስቀመጥ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለማንበብ ብዙ ጊዜ ፈጀሁ፤ ፊደሉ በእንባዬ ውስጥ ይዋኛል። ፈታኙ መነጽሬን የረሳሁ መስሎት የራሱን አውልቆ ሰጠኝ። እኔም ነገሩን ማስረዳት ስላልቻልኩ ተቀብዬ አደረግሁት።

በይ እታለም፣ ሐዋ ሰላም ብላሻለች፤ የላክሽላት ሽቶ ደርሷታል፣ ለእሁድ ብቻ ነው የምትቀባው። ዊዳድ ጉንጭሽን ትስምሻለች፣ ውጤቱን ራሴ እነግራታለሁ ብላለች። ትንሹ ሂሻም የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ የአያታችንን መስሏል። እዚያ አብራሽ ላለችው ለረሂማ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ጉንፋኗ ለቀቃት ወይ? ለአሠሪሽም ቢሆን ሰላም በያት፣ ለወገብሽ እንድታዝንልሽ። ጋሽ ጀላል፣ አግማስና ስመኝ ሳያውቁሽ ሰላም ብለውሻል፤ መምህርቷም ደብዳቤ መጻፌን ሰምታ የአራት ነጥቡን ነገር አደራ ብላኛለች፣ እንደምታይው አልረሳሁም። አላህ በሰላም በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

ወንድምሽ ባሽር

ደሴ፣ ሆጤ
ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.